ድንጋይ ነው ብለው የሚጥሉት ጨው

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ ፈተና ላይ ሦስት ማዕድናትን እንድንጠቅስ ተጠየቅን። እኔም ወርቅ፣ መዳብ፣ ጨው ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስልኝ ወርቅና መዳብ ትክክል ተብለው ጨው ላይ ግን ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት፤ ምክንያቱን ስጠይቅም «ጨው የሚበላ ነገር ነው፤ ማዕድን ይበላል እንዴ?» ተባልሁ። ማታ ቤት ገብቼ ለአያቴ ብነግራቸው ሳቁብኝና ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው ቅል ውስጥ የአሞሌ ስባሪ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «እስቲ ያዘው። ይህ ዳቦ ነው? ድንጋይ አይደለም እንዴ፣ ልጄ? ስንቱን ዓመት በመጅ ስፈጨው የኖርሁት ታዲያ ምን መስሎህ ነው?» አሉኝ።

ያ ቀይ ምልክት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን ጨው ባየሁ ቁጥር ክርክሩን ከራሴ ጋር እቀጥላለሁ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ሕፃን አዋቂው ሁሉ የሚያውቀው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ነው። ተረቱ ጨውንና ድንጋይን ለያይቶ ያቆማቸዋል፤ ጨው ድንጋይ የሚባለው ጣዕሙን ሲያጣ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። ጨው ግን ጣዕሙ ሳለም ድንጋይ ነውና ለብዙ ጊዜ ተረቱን ከመምህሬ ስህተት ጋር አንድ ላይ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። በኋላ ቀረብ ብዬ ስመረምረው ግን ተረቱ ከጠበቅሁት በላይ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በሥነ ምድር ትምህርት አንድ ነገር ማዕድን ለመባል በተፈጥሮ የተገኘ፣ ከእንስሳት ወይም ከዕፀዋት አካል ያልተሠራ፣ ጠጣር፣ የታወቀ ኬሚካዊ ቅንብር ያለውና አተሞቹም በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለበት። ይበላል ወይስ አይበላም የሚል መስፈርት በመካከሉ የለም። የገበታ ጨው በተፈጥሮ ሲገኝ ሃላይት የተባለ ማዕድን ሲሆን፣ ሶዲየምና ክሎሪን አንድ ለአንድ ተጣምረው የሠሩት ነው፤ በክብደት ሲታይ ከ100 ግራም ውስጥ 39 ግራም ያህሉ ሶዲየም፣ 61 ግራም ያህሉ ደግሞ ክሎሪን ነው። የማዕድናትን ጥንካሬ በሚለካው የሞህስ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 ድረስ ይሰጠዋል፤ ይህም ከጣት ጥፍር ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ከድንጋዮች ሁሉ ለስላሳ ከሚባሉት ጋር ይመደባል። ለማቅለጥ ግን 801 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል፤ አያቴ ምጣድ ላይ ጣል ያደረጉት ጨው ሲንጣጣ እንጂ ሲቀልጥ አይቼው የማላውቀውም ለዚህ ነው። መንጣጣቱ ራሱ በቅንጣቱ ሆድ ውስጥ ተዘግታ የቀረችው ጠብታ ውሃ በሙቀት ተንፍታ ስትፈነዳ የሚመጣ ነው።

የዱቄት ጨው ይህን ሁሉ ይሸሽጋል። አሞሌ በገበያችን እንደ ድሮው አይትረፈረፍም፤ ይሁንና ለከብት የሚገዛው ሰው ስለማይጠፋ ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ ላይ የጡጫ ያህል ስባሪ አገኘሁ። ከሩቅ ሲያዩት አመድማ ነጭ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ንብሮች አሉት፤ በነጮቹ ንብሮች መካከል ክር የመሰለ ግራጫ የደለል መስመር ያልፋል። ከመካከሉ አንዲት ጥርት ያለች የአተር ፍሬ የምታህል ቅንጣት ለይቼ የቢላዋ ስለት ከላይዋ አሳርፌ መታ ባደርጋት ለሁለት ተከፈለች፤ የተከፈለችበትም ገጽ ልክ በመስታወት መቁረጫ እንደተቆረጠ ያበራል። ግማሹን እንደገና መታሁት፤ እንደገናም ቀጥ ባለ ማዕዘን ተሰነጠቀ። እስከ አሸዋ ፍሬ ድረስ ብታደቅቀው ስድስት ገጽ ባለው ቅርጹ እንደጸና ይኖራል፤ አተሞቹ የተደረደሩት በዚያው ሥርዓት ስለሆነ ሲሰበርም የሚሰበረው በመስመራቸው ነው። መምህሬ ያን ጊዜ አንድ ቅንጣት በማጉያ መነጽር አይተው ቢሆን ኖሮ ኤክሱን የሚያነሡልኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተረቱ ልመለስ። ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ጣዕሙን አያጣም፤ ጣዕሙ ከላዩ የተቀባ ቅመም ሳይሆን ራሱ ነውና። ከመሬት ተቆርጦ የሚመጣው ጨው ግን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ ከጭቃ፣ ከደለልና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ከነዚህም አንዱ እኛ ጀሶ የምንለው ነው። የሁለቱ የመሟሟት ጠባይ ከሰማይና ከምድር የራቀ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል ጨው ሲያሟማ፣ ከጀሶ ግን የሚያሟማው ከሁለት እስከ ሦስት ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጨው የያዘ ጆንያ ዝናብ ቢመታው ወይም ወለል ላይ ተቀምጦ እርጥበት ሲያልብበት ቢከርም፣ ጨውነቱ በውሃ ተሸኝቶ ይሄድና ጀሶውና ጭቃው እዚያው ይቀራሉ። መልኩ ያው ነጭ ነው፤ ምላስ ላይ ሲያደርጉት ግን ምንም አይልም። ተረቱን የፈጠረው ሰው ኬሚስትሪ አልተማረም፤ ነገር ግን አልጫ የሆነ ጨው በእጁ ይዞ ድንጋይ ነው ብሎ ከደጁ የጣለ ሰው ለመሆኑ አልጠራጠርም።

ጀሶውን ካነሣሁ ዘንድ ስለ ዓባይ በረሃ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሄድ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲወርድ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ገደሉንና ዝንጀሮውን ነው፤ የግድግዳውን ንብር ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ከላይ የጎጃምን ደጋ የተሸከመው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከኖራው ሥር ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ ከታች፣ ወደ ወንዙ ስንጠጋ፣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋዩና ጀሶው ከባሕር የመጡ ናቸው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን፣ ዛሬ ደጀን የሆነው ቦታ ጥልቀት የሌለው ባሕር ይተኛበት ነበር። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨዋማ ነገር ይይዛል፤ በፀሐይ ሲተንም የያዘውን የሚጥለው በተራ ነው። በመጀመሪያ የኖራው ዘር ይወርዳል፤ ከውሃው አምስት እጅ አራቱ ገደማ ሲተን ጀሶ ይከተላል፤ አሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ሲያልቅ የገበታ ጨው መውረድ ይጀምራል፤ በመጨረሻም መራራዎቹ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች ይመጣሉ። በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የተጻፈው እንግዲህ የዚህ ሥርዓት ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ጎጃም ጨው የላትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የጨውን ታላቅ ወንድም በገደሏ ግድግዳ ላይ ይዛ ትኖራለች እላለሁ።

ምዕራፉ እስከ መጨረሻው የተጻፈው በአፋር ምድር፣ በዳሎል አካባቢ በሚገኘው ረባዳ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ከቆየ በኋላ ከባሕሩ ተቆርጦ ቀርቶ ደረቀ። በዳርቻው ላይ ዛሬም የጥንቱ ባሕር ኮራል በድንጋይነት ቆሞ ይታያል፤ የጨዉ ንብር ጥልቀትም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ዝናቡ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ደብረ ማርቆስ ግን በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። እንዲህ በሚዘንብበት አገር ላይ የጨው ተራራ ቢኖር እንኳ ባልቆየ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ማጥለቅለቁ፣ የላይኛውን ጨው አሟሙቶ እንደገና በፀሐይ ሲደርቅ አዲስ ንብር መተዉ ነው። በእኔ ስባሪ ላይ ያለው ግራጫ ክር የዚያ ጎርፍ ደለል ነው፤ ነጩ ደግሞ ከጎርፉ በኋላ የመጣው በጋ ነው።

ጨው ቆራጮቹ ይህን ንብር በአጣና ፈልቅቀው፣ በመጥረቢያ ጠርበው አሞሌ ያደርጉታል፤ በግመልም በበርሃሌ በኩል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን እኛንም ይመለከታል። በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ እንደመዘገበው፣ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በአገው ገዥ በኩል ወደ ወርቅ አገር ሲሄዱ በሬ፣ ብረትና ጨው ይዘው ይጓዙ ነበር፤ እንደደረሱም የእሾህ አጥር ሠርተው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን ከላዩ ያኖሩና ፈቀቅ ይላሉ፤ የአገሩ ሰዎችም መጥተው በወደዱት ላይ ወርቅ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ቃል ሳይለዋወጡ የሚደረግ ገበያ ነበር ማለት ነው። ከ1520 ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስድስት ዓመት በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ደግሞ የጎጃም ባሶ ገበያ፣ የጁቤ አጠገብ ያለው፣ ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ያለው ንግድ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ይደርሳል፤ ከጉድሩና ከዚያ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል። ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውም በጨው ይቆጠር እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ አንድ ጠገራ ብር በአፋር አፋፍ የሚገዛው የአሞሌ ብዛት ባሶ ሲደርስ በእጅጉ ያንሳል፤ ዓባይን ሲሻገር ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። የተሰበረ አሞሌ ከሙሉው ስለሚረክስ ነጋዴው እንዳይሰነጠቅበት በልጥ ያስረዋል። ዝናብ የሚያሟሟው፣ ከብት የሚልሰው፣ ሲርብ ወጥ የሚገባ ገንዘብ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዳሽን ባንክ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱን አሞሌ ብሎ ሰይሞት እንደነበር ስሰማ ስሙን ወድጄዋለሁ፤ የስልኩን አሞሌ ግን በሬ አይልሰውም።

አያቴ ጨዉን ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት ያለ ነገር አልነበረም። ንጹሕ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ የጎጃም ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ብዙውን ቀን ከዚያ በላይ ነው። ከሱ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው የማግኒዥየም ጨው ግን በጣም ባነሰ እርጥበትም ውሃ ይስባል፤ ጨው «አለቀሰ» የሚባለው በዋናነት በሱ ምክንያት ነው። ከክረምት በፊት ያልተሰቀለ ጨው መስከረም ሲጠባ በዕቃው ሥር ቡናማ ውሃ አጠራቅሞ ይገኛል፤ መራራው የዚያ ውሃ ጣዕም ነው። አያቴ ውሃውን ደፍተው የቀረውን አሞሌ በጭስ ያደርቁታል፤ ይህም ባለማወቅ የተሠራ የማጣሪያ ፋብሪካ ነበር ለማለት ይቻላል። ከደረቀው ላይ ይፈጩና ከበርበሬ ጋር ድቁስ ያደርጉታል፤ ለቋንጣ ያሹታል፤ ከሁሉ በፊት ግን ለቡናቸው ቆንጠር አድርገው ያስቀራሉ። ቡና በስኳር የሚጠጣ ሰው ሲያዩ «ሻይ አምሮት ነው?» ማለት ይወዱ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያ ድንጋይ አልነበረውም። በልጅነቴ ማርቆስ ገበያ የሚመጡ ብዙ እናቶች አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባልም ከባዶ ሜዳ አልመጣም። እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው አዮዲን ሲያንስ ነው፤ የደጋው አፈር አዮዲኑን ለብዙ ዘመን በዝናብ ታጥቦ ስላጣ ከእህሉም ከወተቱም በቂ አይገኝም። ሃላይት ደግሞ በጠባዩ ሶዲየምና ክሎሪን እንጂ አዮዲን አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ይጨመርበታል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። አዮዲኑ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም መንተክተክ ስለሚቀንስ ጨዉን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ከምድጃ በላይ መስቀል ለአሞሌው ጥሩ ነበር፤ ለዛሬው ጨው ግን ክዳን ያለው ዕቃ ይበልጥበታል። አያቴ በዚህ አይስማሙም ነበር።

ዛሬ ማዕድ ቤታችን የሚገባው ጨው በአብዛኛው ከአፋር ነው፤ በዋነኛነትም የአፍዴራ ሐይቅን ጨዋማ ውሃ በሰው እጅ በተሠሩ ገንዳዎች ውስጥ በፀሐይ በማትነን ይመረታል። እዚህ ላይ ጥንቁቅ ሰው «ታዲያ በሰው ገንዳ የደረቀ ጨው በተፈጥሮ የተገኘ ማዕድን ነው ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በትርጓሜው ከጠበቅን፣ ተፈጭቶ አዮዲን የተጨመረበት የፌስታል ጨው የማዕድኑ ምርት እንጂ ማዕድኑ ራሱ አይደለም፤ ከሜዳው ተጠርቦ የመጣው አሞሌ ግን ያለ ጥርጥር ማዕድን ነው። እኔ ለፈተናው የጻፍሁት አሞሌውን አስቤ ስለሆነ ነጥቤን አሁንም እጠይቃለሁ።

በጥር ወር ያገኘሁትን ስባሪ በዚያው አልተውሁትም። ከላዩ ትንሽ ቁራሽ ወስጄ በብርጭቆ ውሃ አሟሙቼ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጠለልሁትና ውሃውን በዝርግ ሳህን አድርጌ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። በሁለተኛው ቀን ከውሃው ገጽ ላይ ስስ ቅርፊቶች ተንሳፈፉ፤ በአራተኛው ቀን ሳህኑ ሥር ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ተደረደሩ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ከመሃላቸው ቀድሞ ስለሚያድግ ገጻቸው እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ትልቁ የምስር ክክ ያክላል። ልጄ አንዱን አንሥታ ላሰችና «ጨው ነው፣ አባዬ!» አለችኝ፤ ስኳር ብላ ጠርጥራ ኖሮ ቅር ብሏታል።

ጨርቁ ላይ የቀረውን ግራጫ ዝቃጭ ደግሞ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥቤ ከደረቀ በኋላ በጣቴ ጫፍ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ጥርሴ ሥር እንደ አሸዋ ከመንኮሻኮሽ በቀር ምንም ጣዕም አልነበረውም። ጨርቁን ይዤ ደጅ ወጣሁና አጥሩ ሥር አራገፍሁት።